የደሃቦን ዕቃ ባዶውን እንዳትመልሺው

ይድረስ ለእህቴም ለእናቴም ለሆንሽው ለእትዬ ሀይማኖት፣
ደብረ ብርሃን

እትዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ያ ብርድ ሲገባ እየጠበቀ የሚይዝሽ ቁርጥማት ዘንድሮ ማረሽ ወይስ እንደ ወትሮው ነው? ጋሽ ደጀኔስ ሳሉ ለቀቀው? እማዬ እንዴት ናት? ዓይኗስ፣ እንቅልፏስ፣ ምግብስ ትቀምሳለች ወይስ አሁንም «እኔ በቃኝ» እያለች ሳህኑን ወደ ልጆቹ ትገፋለች? ስመኝና ናሁሰናይስ ትምህርታቸውን እንዴት ይዘውታል? እኛ በዚህ በኩል ለአምላክ ምስጋና ይግባውና ሁላችንም ደህና ነን። ባለቤቴ ደበሌ ዓይኑ ደከመና ክር መርፌ ውስጥ ለማስገባት እኔን መጥራት ጀምሯል እንጂ ሌላው ነገሩ ደህና ነው። ልጄ መልአክም ከድሬዳዋ በየሳምንቱ ይደውላል። የጎደለን ነገር ቢኖር የእናንተ ድምፅ በዚህ ግቢ ውስጥ አለመሰማቱ ብቻ ነው።

ባለፈው ስልክ ስንነጋገር «ደሃቦስ ደህና ናት?» ብለሽ ስትጠይቂኝ ድምፄ ጠፋብሽ። ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎሽ «ሄሎ፣ ሄሎ» ስትይ እኔ እዚያው ነበርኩ። በዚያን ሰሞን ከደሃቦ ጋር ተጣልተን ነበር። ይኸን በስልክ መናገር አልሆነልኝም፤ እማዬ አጠገብሽ እንደምትቀመጥና «ምን አለች? ምን አለች?» እንደምትል ስለማውቅ ደግሞ ጭራሽ ፈራሁ። አሁን ግን የሰፈራችን ባለ ሱቅ ሙሐመድአሚን ብርድ ልብስ ሊያመጣ ወደ እናንተ አገር ስለሚወጣ፣ ይኸን ደብዳቤና አንድ ዕቃ በእሱ እጅ ልኬልሻለሁ። አደራሽን፣ ደብዳቤውን እስክትጨርሺ ድረስ ዕቃውን ከፍተሽ ወደ ሌላ ነገር እንዳትገለብጪው። ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ።

ጋሽ ደጀኔ ሰው ስለሚረሳ ደሃቦ ማን እንደሆነች ንገሪው። ያቺ በቱሊ ጉሌድ መንገድ ካለው መንደር ወተት ይዛ የምትመጣው፣ ለመልአክ ክርስትና የመጣችሁ ጊዜ ሕፃኑን አቅፋ አልሰጥም ያለችው ረጅሟ ሶማሌ ናት። «አባዮ» ነው የምትለኝ፤ እህቴ ማለቷ ነው። እኔም እንደዚያው እላታለሁ። መልአክ ከእኔ ጡት ቀጥሎ የቀመሰው የእሷን ላም ወተት ነው።

ነገሩ የጀመረው ሁዳዴ ሊገባ ሲል ነው። በጋው ከርሮ ነበር። የእኛን የጅግጅጋን ንፋስ መቼም ታውቂዋለሽ፤ በዚያ ወር ደግሞ የከተማውን ፌስታል ሁሉ ጠራርጎ ከካራማራ ተራራ በታች ባለው ሜዳ ላይ ይበትነዋል። ጥቁሩ፣ ቢጫው፣ ሰማያዊው እሾህ ላይ ተሰክቶ ሲውለበለብ ከሩቅ ላየው አበባ ይመስላል። ሣር የጠፋበት ከብት ምን ያድርግ? ያንን ይበላል። አንድ ቀን ደሃቦ ገበያ መጣችና ወተቱን አስቀምጣ ጣሳዋን ሳታወጣ ቁጭ አለች። «ምነው?» ብላት ቀይዋ ላሟ መሞቷን ነገረችኝ። መጀመሪያ ማመንዠክ ተወች፣ ከዚያ ሆዷ ተነፋ፣ ከዚያ መቆም አቃታት። ሳትሞት ቢላ ደረሰላትና ሆድ ዕቃዋ ሲከፈት የተገኘው ፌስታል ነው አለች። ተጎንጉኖ፣ ተቋጥሮ፣ እንደ ገመድ ተገምዶ፣ ይኸን ያህላል ብላ በሁለት እጇ አሳየችኝ። የሕፃን ልጅ ራስ ያህላል፣ እትዬ። «በጥጋብ መስሎኝ ነበር ሆዷ የተነፋው» አለች። «ጠግባለች ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።»

እኔ አጠገቧ ቆሜ ጣቶቼን አየኋቸው። ባንዱ ላይ የሽንኩርት፣ ባንዱ ላይ የቲማቲም፣ ባንዱ ላይ የፓስታ ፌስታል ተንጠልጥሏል። የማን ፌስታል እንደገደላት ማን ያውቃል? ስም አልተጻፈበት። ግን እጄ ከበደኝ። ያን ቀን ቤት ገብቼ ደበሌን «ከዛሬ ጀምሮ ፌስታል በእጄ አላስገባም» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና «ቡና ተውኩ ያልሽውስ?» አለኝ። ቡናውን የተውኩት ለአንድ ሳምንት ነበር፣ እሱን ታስታውሺዋለሽ።

እዚህ አገር ፌስታል እምቢ ማለት ቀላል እንዳይመስልሽ። ፌስታል ክብር ነው። ሙሐመድአሚን አንዲት ሳሙና ብገዛው እንኳ በፌስታል አድርጎ ነው የሚሰጠኝ፤ ዕቃው ከበድ ካለ ደግሞ ይደርበዋል። የሚወደው ደንበኛ ከሆነ ሳይከብድም ይደርበዋል። እኔ በጥር የላክሽልኝን ሰፊ ዘንቢል ይዤ ሄጄ «በዚህ ጨምርልኝ» ስለው ፊቱ ተለዋወጠ። «እናትአለም፣ ምን አጠፋሁ?» አለኝ። ምንም አላጠፋህም ብለውም አልሰማኝም። «ሰው ሸቀጤን እንዲህ ራቁቱን ተሸክመሽ ሲያይሽ፣ ሙሐመድአሚን ፌስታል ሰሰተ አይለኝም?» አለ። ሚስቱ ሪሐና ከውስጥ ሆና ሳቀችበት። ስንት ቀን ተከራክረን መጨረሻ ላይ ስኳሩንና ምስሩን በወረቀት መጠቅለል ጀመረ፣ ዘይቱን በራሴ ጠርሙስ ይቀዳልኛል። ግን ሌላ ሰው ሱቁ በር ላይ ከቆመ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ፌስታል አልፈልግም ያለችው እሷ ናት!» ሳይል አይለቀኝም።

የደበሌን ነገር ደግሞ ስሚ። ዘንቢሉ ለአትክልት ተራ አይበቃም ስለው፣ ልብስ ሰፊ መቼም ጨርቅ አይጥልም፣ አንድ ደንበኛ አሰፍቶ የተወውን ካኪ ሱሪ አወጣና እግሮቹን ከጭኑ ቆርጦ ታቹን ዘጋው፤ ወገቡ አፍ ሆነ፣ ቀበቶ ማስገቢያው ላይ ማንገቻ ቀጠለበት። ኪሶቹን አልፈታቸውም። «ይጠቅሙሻል» አለ። ያንን አንግቼ አትክልት ተራ ብገባ ድንች የምትሸጠው ሳህራ ከሩቅ አይታኝ «እናትአለም! ሰውየውን የት ጥለሽው ነው ሱሪውን ይዘሽ የመጣሽው?» ብላ ተራውን ሁሉ አሳቀችብኝ። ሌላዋ «ኧረ ድንቹን ቀስ ብለሽ ክተቺ፣ ያመዋል!» አለች። ሳህራ ድንቹን ከመዘነችልኝ በኋላ ሁለት ራስ ነጭ ሽንኩርት በኋላ ኪሱ ከተተችና «ይሄ የባለቤቱ ነው፣ እንዳትነኪበት» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በሄድኩ ቁጥር የኪስ አይቀርም። ደበሌም ማታ ማታ መጀመሪያ ኪሱን ነው የሚፈትሸው።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሁዳዴን ጨረስኩ። የእኛ ጾምና የእነሱ ረመዳን አብረው ገብተው ስለነበር ከተማው ቀን ቀን ጸጥ ብሎ ነበር የከረመው። እውነቱን ልንገርሽና ትንሽ ኮራሁ። ሬዲዮ ላይ ፌስታል ሊከለከል ነው የሚል ወሬ ስሰማ ደበሌን «አየህ፣ መንግሥትም ተከተለኝ» አልኩት። ኩራት ደግሞ ዓይን ይሸፍናል መሰለኝ።

ለፋሲካ ዋዜማ ክዳንና እጀታ ያላትን ትንሽዬ የአሉሚኒየም ባልዲዬን ይዤ ከእኛ ሥጋ ቤት ሥጋ በእሷ አመጣሁ። ባለ ሥጋ ቤቱም «እንዲህ ነው እንጂ» ብሎ አመሰገነኝ። በዓሉ አለፈ፣ ባልዲዋን በአመድ ፈተግኳት፣ በፈላ ውኃ አጠብኳት፣ ፀሐይ ላይ ደፋኋት። የብር ያህል አበራች። ከዚያ ጾም ስለተፈታ ወተት ልገዛ ያንኑ ባልዲ ይዤ ወደ ደሃቦ ሄድኩ። እስከዚያ ድረስ ወተቱን በጣሳ ትለካልኝና በፌስታል ትቋጥርልኝ ነበር። አሁን ደስ ይላታል ብዬ ነው፣ እትዬ። ላሟን በልቤ ይዤ ነው የሄድኩት። «በዚህ ቅጂልኝ፣ ከእንግዲህ ፌስታል የለም» ብዬ ክዳኑን ከፈትኩላት።

ጣሳውን ከጀሪካኑ ሞልታ አንስታ ነበር። ባልዲዋን አየችና እጇ አየር ላይ ቀረ። ሌሎች ሴቶችም ዕቃቸውን ይዘው ዙሪያዋን ቆመዋል። ዝቅ ባለ ድምፅ «አባዮ፣ ይቺ ባልዲ ያን ቀን ሥጋ የያዝሽባት አይደለችም?» አለችኝ። ለካ በዋዜማው ከሥጋ ቤት ስወጣ በባጃጅ ስታልፍ አይታኛለች። «አጥቤያታለሁ» አልኳት። እሷም «አውቃለሁ» አለችኝ፣ ግን ከጉያዋ ፌስታል አወጣች፣ ወተቱን እዚያ ውስጥ ቀዳች፣ ቋጠረችና «ዛሬ በዚህ ውሰጂ» ብላ ዘረጋችልኝ።

እትዬ፣ ያኔ ደሜ ፈላ። ያን ያህል ለፍቼ፣ ያን ያህል ተስቆብኝ፣ ደግሞም ለእሷው ብዬ! በዚያ ሁሉ ሴት ፊት «ላምሽን የገደላት ይኸው አይደል? መልሰሽ ታሸክሚኛለሽ?» አልኳት። ድምፄም ከፍ ብሎ ነበር። ደሃቦ ፌስታሉን እንደዘረጋች ቀረች። እኔ ባዶ ባልዲዬን ይዤ ዞር አልኩ። ወደ ኋላዬ አላየሁም። ቤት ደርሼ ክዳኑን ስከፍት ምንም እንደሌለበት እያወቅሁ ነው የከፈትኩት፣ ሞኝነት አይደለም?

በማግስቱ ደሃቦ በራችን ላይ አላለፈችም። በሌላውም ቀን አላለፈችም። በዚያኛው ዳር ባለው መንገድ መሄድ ጀመረች። ከወተቱ ይልቅ ማለዳ ወደ ገበያ ስታልፍ ደጄ ላይ የምታሰማው ሳል ቀረብኝ። ያ ሳል ለእኔ ምን እንደሆነ አንቺ ብቻ ነሽ የምታውቂው። በ2010 ነሐሴ ከተማችን የታመመች ጊዜ፣ ሰው ብጥብጡን ፈርቶ ከቤቱ በማይወጣበት በዚያ ሳምንት፣ በሩን ዘግተን ጨለማ ቤት ውስጥ ተቀምጠን ሳለ ከበሩ ስር አንድ ነገር ሲንሿሿ ሰማን። ደበሌ ከእጄ አምልጦ ሄዶ ሲያይ በፌስታል የተቋጠረ ወተት ነው። በቆርቆሮው በር ስር ባለችው ቀዳዳ ነው ገፍታ ያስገባችው። አላንኳኳችም፣ ስሟን አልተናገረችም። ስትሄድ ግን ሳለች። በሳሏ አወቅኋት። እንግዲህ እኔ በዚህች ሴት ላይ ነው በገበያ መሐል የጮህኩት። ስልክ ላይ ዝም ያልኩሽ ለዚህ ነው።

በመጨረሻ ሪሐና ጋ ሄጄ አለቀስኩ። ሪሐና መቼም ሐረር ተወልዳ ከእኛም ከእነሱም ጋር ያደገች ናት፣ ቀስ ብላ ነው የምታስረዳው። «እናትአለም፣ ጣሳው ከባልዲሽ ወጥቶ ተመልሶ ጀሪካኑ ውስጥ ነው የሚገባው» አለችኝ። «ጣሳው ባልዲሽን ቢነካ፣ እዚያ ከቆሙት ሴቶች ግማሾቹ ያንን ወተት አይገዙትም። ሼኮቹን ብትጠይቂ ከታጠበ ይበቃል የሚሉ ይኖራሉ። ሰው ግን ወተት ሲገዛ በልቡ ነው የሚገዛው። የቀን ወተቷ ሁሉ ይመለስባት ነበር፤ ላሟ የሞተችባት ሴት ናት።» ከዚያ ደግሞ እንዲህ አለችኝ፣ ይኸን ለእማዬም አንብቢላት፤ «ፌስታል እኮ የማንም አይደለም። የእናንተም ሥጋ የእኛም ሥጋ አልነካውም፣ ከሱቅ ሲወጣ አዲስ ነው። አንቺና እሷ ስንት ዓመት ሳትጠያየቁ የኖራችሁት እሱ መሐላችሁ ገብቶ ነው። አሁን እሱን አነሳሽው፤ ታዲያ በምን ልትነካኩ ነው ሳትነጋገሩ?»

እኔ እዚያው ተቀምጬ የእማዬ የጾም ድስት ትዝ አለኝ። ያ ጥቁሩ፣ ከፍ ብሎ ግድግዳው ላይ የሚሰቀለው። አንድ ቀን አንቺ እንቁላል ልትቀቅይበት አውርደሽው እማዬ እንዴት እንደሆነች ታስታውሻለሽ? አጥበሽው ነበር እኮ። ሦስት ጊዜ አጥበሽው «ታጥቧል እኮ» ብለሽ ብታለቅሺም ለዚያ ሁዳዴ ሌላ ድስት ነው የተገዛው። እኔም እስከ ዛሬ በራሴ ቤት የጾሙን ማንኪያ ለብቻው ነው የማስቀምጠው። ይኸን ሁሉ እያወቅሁ የሰው ጣሳ ላይ ስደርስ ምን ነካኝ? ሪሐናን አቀፍኳት።

ቅዳሜ ዕለት ከሪሐና ጋር ወደ ደሃቦ መንደር በአይሱዙ ሄድን። ስኳርና ሻይ ቅጠል፣ ትንሽ ቴምርም ያንቺ ዘንቢል ውስጥ ከተትኩ። መንገዱን ሁሉ ምን እንደምላት ስለማመድ ሪሐና «ኧረ ዝም በይ፣ ሾፌሩ ሁሉ ሸመደደው» አለችኝ። ዝናብ ጥሎ ስለነበር ሜዳው አረንጓዴ ለብሷል፣ እሾሁ ላይ ያለው ፌስታል ግን እንዳለ ነው፤ ቅጠል መሐል ሲሆን ደግሞ የበለጠ ያስጠላል።

ደሃቦ ከደጅ ቆማ ስታየን አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። ምንጣፍ አነጠፈችልን። እኔ የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋብኝና «ላምሽ ስትሞት መጥቼ አላስተዛዘንኩሽም» ነው ያልኳት። እውነትም አልመጣሁም ነበር፣ እትዬ። ላም የሞተባት ሴት ቤት ሳልሄድ ነው ለላሟ ተቆርቋሪ ሆኜ ገበያ ላይ የጮህኩት። ደሃቦ ዘንቢሉን ወደ ራሷ ሳበችው። ቴምሩን አይደለም ያየችው፣ ስፌቱን ነው። ጠርዙን በጣቷ ተከተለችው። «ማን ሰፋው?» አለች። እህቴ ናት የላከችልኝ፣ ከአገር ቤት ነው አልኳት። «ጠርዙን አጥብቃ አልጨረሰችውም» አለች! ሪሐና በሳቅ ፈነዳች። እኔም ሳቅሁ፣ ደሃቦም ሳቀች። ይቅርታ አድርጊልኝና ጠርዙ እውነትም ትንሽ ላላ ብሏል፣ ለሰፊዋ ንገሪያት።

ከዚያ ገባ አለችና ሁለት የወተት ዕቃ ይዛ ወጣች። እነሱ ዲል ይሉታል፤ የዛፍ ሥር ፈትለው፣ ጎንጉነው የሚሰፉት፣ ክዳንና የቆዳ ማንጠልጠያ ያለው፣ እንደ እኛ የወተት ቅል ያለ ነገር ነው። ጀሪካን ከመጣ ወዲህ ብዙ ሰው ትቶታል። እናቷ የሰፉት ነው፣ አንዱ ስፌቱ ላይ እንደ ዕንባ የተንጠለጠሉ ነጫጭ ዛጎሎች አሉት። ውስጡን በፍም እንጨት ያጥኑታል፣ ሽታው ደስ ይላል። «አንዱ ያንቺ ቤት፣ አንዱ የኔ ቤት» አለችኝ። «ጠዋት ሙሉውን ይዤ እመጣለሁ፣ ባዶውን ትሰጪኛለሽ። ማጠቡም ማጠኑም የኔ ነው። አንቺ ወተቱን ከቀዳሽ በኋላ ከፍ አድርገሽ ስቀዪው፣ ሌላ ነገር አይንካው።» ከዚያ አማርኛዋን ፈልጋ ፈልጋ «አባዮ፣ ፌስታልን አትርገሚው። ያን ጊዜ በበርሽ ስር ይኸ ዕቃ አያልፍም ነበር» አለችኝ።

ዓይኔ ሞላ። እሷ ግን የዕቃውን ክዳን እየገጠመች «አሁን በርሽ ክፍት ነው» አለች። ሪሐና ፊቷን ወደ ሜዳው አዞረች።

ደበሌ ይኸን ስነግረው ተነስቶ ምሰሶው ላይ ከፍ አድርጎ ሚስማር መታ። ዲሉ እዚያ ነው የሚሰቀለው። ባልዲዋ ደግሞ በዚያኛው ጥግ ለሥጋ ብቻ ተቀምጣለች። ማለዳ ሳሉን ስሰማ ባዶውን ይዤ እወጣለሁ፣ በር ላይ እንለዋወጣለን። ድሮ ገበያ ላይ ወተቱን በፌስታል ሰጥታኝ ወዲያው ወደ ሌላዋ ገዢ ነበር የምትዞረው። አሁን «ትናንት ጨርሳችሁት ነበር? ደበሌ ወደደው? አፍልተሽው ነው ወይስ ጥሬውን?» ስትል ስትል ባጃጇ ጥሏት ይሄዳል። ወተቱም የጭስ ሽታ ስላለው መጀመሪያ ደበሌ አፍንጫውን ነፋ አድርጎ ነበር፤ አሁን ያ ሽታ ከሌለው «ወተት አይደለም» ይላል።

ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብዬ አልዋሽሽም። ሙሐመድአሚን ዛሬም ለሰው ሁሉ ፌስታል ይደርባል። ከጎረቤቶቻችን ሁለት ሴቶች እንደኔ ዕቃ ይዘው ወጡ፣ አንዷ በሦስተኛው ቀን «እጄን ደከመኝ» ብላ ተወችው። እኔም ባለፈው ሳምንት ዝናብ መሐል መንገድ ላይ ይዞኝ ዳቦው እንዳይበሰብስ ፌስታል ለምኜ ተቀብያለሁ። ያንን ፌስታል አጥቤ አጣጥፌ አስቀምጬዋለሁ፤ ቢያንስ ከእኔ እጅ ወጥቶ ሜዳ አይሄድም። ቀይዋን ላም መቼም አይመልሳት። ደሃቦ ግን የቀሩትን ከብቶቿን ወደ ቆሻሻ መጣያው በኩል አታሰማራም፣ እኔም የድንች ልጣጩንና የጎመን ቅጠሉን ባዶውን ዕቃ ስሰጣት በጆንያ አብሬ እሰጣታለሁ።

አሁን ወደ ላክሁልሽ ዕቃ ልምጣ። ትንሽ ዲል ናት፣ ከምንለዋወጥባቸው ከሁለቱ አይደለችም፣ የእነሱ ታናሽ ናት። ውስጧ ያለው ቅቤ የደሃቦ ነው። ዝናቡ ከመጣ ወዲህ ከቀሩት ላሞቿ የናጠችው ነው። እማዬ ራሷን እንደሚያማት ነግሬያት ነበርና «ለእናታችን ራስ» ብላ ነው የሰጠችኝ። «ለእናትሽ» አላለችም፣ እትዬ፣ ጆሮዬ ሰምቷል። እናቷ ካረፉ ብዙ ዓመታቸው ነው። እንግዲህ የእማዬን አናት እየቀባሽ ይኸን ንገሪያት። ሙሐመድአሚን ቅቤው መንገድ ላይ ይቀልጣል ብሎ ዕቃውን በሁለት ፌስታል ጠቅልሎታል፤ ተከራክሬ ተሸንፌያለሁ። ፌስታሎቹን ሳትጥይ በእሱ እጅ መልሺለት፣ ይፈር።

ዕቃዋ ግን የደሃቦ ናት፣ ሁልጊዜም የእሷው ናት። ቅቤውን ስትጨርሱ ሌላ ነገር እንዳታስነኩባት፤ ናሁሰናይ መቼም ሥጋ ይዞ ባገኘው ዕቃ ውስጥ ነው የሚከተው፣ ከእጁ አርቂያት። ባዶዋን ደግሞ እንዳትመልሺያት። በሶ አድርጊባት፣ የእኛው ገብስ፣ በደንብ ተቆልቶ ተፈጭቶ። ደሃቦ በሶ ትወዳለች፣ በስኳር አሽታ ነው የምትበላው። ሙሐመድአሚን ስንቁን ይዞ ሲመለስ በሩ ላይ ቆማ እንደምትጠብቀው አውቃለሁ፤ አሁኑኑ «እህትሽ ምን ትልክልኛለች?» እያለች መጠየቅ ጀምራለች።

በሉ እንግዲህ ሰላምታዬን አድርሱልኝ። እማዬን ሁለቱን ጉንጮቿንና ግንባሯን ሳሚልኝ፣ ቅቤውን ስትቀቢያት ከጆሮዋ ኋላ አትርሺ፣ እዚያ ነው የሚያማት። ጋሽ ደጀኔን እንደ አባት ከጉልበቱ ዝቅ ብዬ ሰላም እለዋለሁ፣ ሲጋራውንም እንዲተው ንገሪው፤ ሳሉ ከዚያ ነው። ስመኝን «አክስትሽ ናፈቀችሽ፣ ትምህርት ሲዘጋ ነይ፣ የሱሪ ዘንቢል ደበሌ ይሰፋልሻል» በያት። ናሁሰናይን ጆሮውን ቆንጥጪና ሳሚው። ዘንቢሉን ለሰፋችው ሴት ሳልረሳ ምስጋናዬ ይድረሳት፣ የጠርዙን ነገር ግን በፈገግታ ንገሪያት። ደበሌ ሰላም ብሏል። ሪሐናም ሰላም ብላለች። ደሃቦም ይኸን ስጽፍ በር ላይ ቆማ ባዶውን ዕቃ እየጠበቀች ነው፤ «የእናታችንን እግር ሳሚልኝ በያት» ትላለች።

ልውጣላት።

እህትሽ እናትአለም
ጅግጅጋ፣ ግንቦት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.